የአውሮፕላን ዳሽቦርድ መብራት እስከ ምን ድረስ ይደብዝዝ?

በሌሊት ከአዳማ ወደ አዋሽ የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ከተማው ከኋላ ይቀራል፣ የመንገዱ መብራት ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከተማ ውስጥ ምንም ያላስቸገረው የዳሽቦርድ መብራት ያኔ ዓይን መውጋት ይጀምራል። አንዳንዱ ሾፌር ጨርቅ ጣል ያደርግበታል። መኪናው ማደብዘዣ ካለው ደግሞ ዝቅ አድርጎት ይገላገላል።

አውሮፕላን ላይ ጨርቅ ጣል ማድረግ የለም። ከፍታው፣ ፍጥነቱ፣ ነዳጁ፣ የሞተሩ ዘይት ግፊት፣ ሁሉም የሚነበበው እዚያው ሰሌዳ ላይ ነው። ውጭውም እኩል መታየት አለበት። ፋብሪካ በሠራው አውሮፕላን ይህን መሐንዲሶች አስቀድመው ጨርሰውታል። በገዛ እጁ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ግን ማደብዘዣውን ራሱ መርጦ ራሱ ይገጥማል። ውጭ አገር እንዲህ ያለው ሥራ ሥር የሰደደ ነው። አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ሠሪዎች ማኅበር ያቋቋሙት በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ቫንስ የተባለው ኩባንያ ከሚሸጣቸው ተገጣጣሚ የአውሮፕላን ክፍሎች ብቻ ከ10 ሺህ በላይ አውሮፕላኖች ተሠርተው በረዋል። እኛም አገር አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን ሞተር አውሮፕላን ሠርቶ ለማብረር መሞከሩን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። አዳማ ደግሞ የአየር ኃይሉ መቀመጫ ለሆነችው ቢሾፍቱ ጎረቤት ናት፤ እዚህ ስለ አውሮፕላን የሚጠይቅ ወጣት ጠፍቶ አያውቅም። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው።

ከሽቦው በፊት ስለ ዓይን እንነጋገር። ዲመሩ፣ ማለትም ማደብዘዣው፣ የሚያገለግለው ዓይንን ነውና።

ዓይናችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች አሉ። አንዱ የቀን ነው። ቀለም የሚለየው፣ ደቃቅ ፊደል የሚያነበው እሱ ነው። ሌላው የጨለማ ነው። ቀለም አይለይም፣ ግን እጅግ ደካማ ብርሃን ይይዛል። የጨለማዎቹ ሴሎች ሙሉ አቅማቸው ላይ ለመድረስ 30 ደቂቃ ገደማ ጨለማ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ያን ሁሉ ደቂቃ ጠብቀው ያገኙትን አቅም አንድ ደማቅ መብራት በሴኮንዶች ያጠፋዋል። ከዚያ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

እኛ ጋ ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀኑ ድንገት ነው የሚመሸው። አዳማ ላይ ፀሐይ ጠልቃ 20 ደቂቃ ምናምን ሲሆን ጨልሟል። ዓይን የሚፈልገው ደግሞ 30 ደቂቃ ነው። አመሻሽ ላይ የተነሣ አብራሪ ዓይኑ ሳይለምድ ጨለማው ይቀድመዋል ማለት ነው።

ከፍታውም አለ። ኦክስጅን ሲሳሳ ቀድሞ ከሚደክሙት ነገሮች አንዱ የሌሊት ዕይታ ነው። የአሜሪካ የበረራ መመሪያዎች ሌሊት ከ5,000 ጫማ በላይ ለሚበር ሰው ተጨማሪ ኦክስጅን ይመክራሉ። 5,000 ጫማ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ከተማዋ ራሷ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። ገና መሬት ላይ እያለን ያንን መስመር አልፈነዋል። ስለዚህ ለእኛ አብራሪ ከዳሽቦርዱ የሚመጣ ትርፍ ብርሃን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚበረው ሰው ይልቅ ዋጋው ውድ ነው።

ድሮ ኮክፒት በቀይ መብራት የሚሠራው ለዚሁ ነበር። የጨለማ ሴሎች ቀይ ብርሃንን እምብዛም አያዩትም፤ በቀይ ብታነቡ የጨለማ አቅማችሁ ብዙ አይነካም። ችግሩ ካርታው ላይ ነው። በቀይ የተሠመረ ነገር በቀይ ብርሃን ሥር ይጠፋል። የፍጥነት መለኪያው ላይ ያለው ቀይ የገደብ መስመርም ከነጩ መለየት ያቅታል። በዚህ ምክንያት አሁን ብዙዎች የሚመርጡት በጣም የደበዘዘ ነጭ ነው። እኔም እሱን እመርጣለሁ። «በጣም የደበዘዘ» የሚለውን ግን አስምሩበት።

ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ዲመር ሠርቶ ሲፈትን ቀን ላይ፣ ጋራዥ ውስጥ ይፈትነዋል። ያዞረዋል፣ መብራቱ ቀነስ ይላል፣ «ሠርቷል» ይላል። ዓይን ግን ብርሃንን የሚለካው በእጥፍ ነው። መብራቱን ግማሽ ብታደርጉት ዓይናችሁ የሚላችሁ «ትንሽ ቀነሰ» ብቻ ነው። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት የሚፈለገው ከሙሉው ብርሃን አንድ መቶኛ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። የዲመር ጥራት የሚለካው እዚያ ታች ላይ ነው፤ ምን ያህል ዝቅ ይላል? ዝቅ ሲልስ ሳይዘል፣ ሳይንቀጠቀጥ በልኩ ይወርዳል?

አሁን ወደ ሽቦው እንግባ።

የድሮው መንገድ አምፖልና ሪዮስታት ነው። ሪዮስታት የሚዞር ትልቅ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) ነው። ከአምፖሎቹ ጋር በተከታታይ ይገባና ቮልቱን ይቀንሳል። ባለ ክር አምፖል ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ቮልቱ ትንሽ ሲቀንስ ብርሃኑ ብዙ ይቀንሳል። ከ14 ቮልት ወደ 7 ቢወርድ ብርሃኑ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናል። ወደ ታች የሚሄደውም ለስለስ ብሎ ነው። ጉዳቱ ሙቀቱ ነው። ሰሌዳው ላይ አሥር ትናንሽ አምፖሎች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው 0.08 አምፔር ቢወስዱ ድምሩ 0.8 አምፔር፣ ማለትም 11 ዋት ነው። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ሪዮስታቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሠሪው ከሰሌዳው ጀርባ አየር የሚያገኝ ቦታ ሊፈልግለት ይገባል።

ዛሬ አምፖል የሚገጥም ጥቂት ነው። ኤልኢዲ ርካሽ ነው፣ እምብዛም አይሞቅም፣ በንዝረት አይሰበርም። ነገር ግን ለአምፖል የተሠራውን ሪዮስታት ኤልኢዲ ላይ ብትገጥሙት ነገሩ ይበላሻል። አዳማ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ወጣት ይህንኑ ይዞ ዕድሜውን በመኪና ኤሌክትሪክ ወደጨረሰ ባለሙያ ሲሄድ አይቻለሁ።

«ጋሼ፣ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። መብራቱ ግን ንቅንቅ አላለም።»

«ይሄ እኮ የአምፖል ነው ልጄ። ኤልኢዲ በዚህ አይገዛልህም።»

ባለሙያው ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ሬዚስተር ቮልት የሚቀንሰው በውስጡ በሚያልፈው ፍሰት ልክ ነው። አንድ የኤልኢዲ ቁራጭ የሚወስደው 0.02 አምፔር ያህል ነው። ባለ 50 ኦህም ሪዮስታት ላይ ይህ ፍሰት የሚያስቀረው 1 ቮልት ብቻ ነው። ከ14 ቮልት ላይ 1 ቮልት ቢቀነስ ዓይን ልብ አይለውም።

በየሱቁ በሜትር የሚሸጠውን የሚለጠፍ የኤልኢዲ ጥብጣብ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ የመቀስ ምልክት አለ። በሁለት ምልክቶች መካከል ሦስት ኤልኢዲና አንድ ጠብታ የምታክል ሬዚስተር ታገኛላችሁ። ነጭ ኤልኢዲ እያንዳንዱ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ሦስቱ 9 ቮልት ይወስዳሉ ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት ጥብጣብ ከሆነ የተረፈው 3 ቮልት ሬዚስተሯ ላይ ያርፋል። አሁን ሞተሩ ተነሥቷል፣ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው፣ መስመሩ ላይ ያለው 14 ቮልት ነው እንበል። ኤልኢዲዎቹ ያንኑ 9 ቮልት ይይዛሉ፤ ሬዚስተሯ ላይ ግን ከ3 ይልቅ 5 ቮልት ያርፋል። ፍሰቱ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። መኪና ላይ በቀጥታ የተገጠሙ ጥብጣቦች ቶሎ ቶሎ የሚቃጠሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ወደ ጥብጣቡ ከ12 ቮልት ብዙም የሚያልፍ መግባት የለበትም። ሁለተኛ፣ ከ8 ቮልት በታች ያለው ሁሉ ለእሱ ጨለማ ነው። የማደብዘዣው ጉዞ በሙሉ ያለው በ8 እና በ12 መካከል ነው። ከ0 እስከ 12 የሚሄድ ማዞሪያ ብትገጥሙለት አብዛኛው መዞሪያ ምንም አይሠራም፤ ከዚያ መብራቱ ድንገት ይመጣል። ሌሊት በጣት ማስተካከል ጭንቅ ይሆናል።

ለዚህ እኔ የምወደው መፍትሔ ኤልኤም 317 የተባለው ሪጉሌተር (የሚወጣውን ቮልት በተፈለገው ልክ የሚይዝ ዕቃ) ነው። ሦስት እግር ያላት፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ የምትገኝ ርካሽ ዕቃ ናት። ሁለት ሬዚስተር ይሰጧታል፤ በሁለቱ ጥምርታ የሚወጣውን ቮልት ትወስናለች። ስሌቱ አጭር ነው። ሁለተኛውን ሬዚስተር ለመጀመሪያው ታካፍላላችሁ፣ 1 ትደምራላችሁ፣ በ1.25 ታባዛላችሁ። የመጀመሪያው 240 ኦህም ይሁን። በሁለተኛው ቦታ 1.1 ኪሎ ኦህም ቋሚ ሬዚስተርና ባለ 1 ኪሎ ኦህም ፖቴንሽዮሜትር (በማዞሪያ የሚለወጥ ሬዚስተር) በተከታታይ አስገቡ። ማዞሪያው ታች ሲሆን የሚወጣው 7 ቮልት ነው። ላይ ሲደርስ 12.2 ይሆናል። አሁን አብዛኛው መዞሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ጥብጣቡም ከ14 ቮልቱ ተጠበቀ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዚህች ዕቃ የጀርባ ብረት ከሚወጣው ቮልት ጋር የተያያዘ ነው። በቀጥታ አውሮፕላኑ አካል ላይ በብሎን ብታስሩት ሾርት ይሆናል፤ ከሥሩ የሙቀት ወረቀት፣ ብሎኑ ላይም የፕላስቲክ ቀለበት አትርሱ። ሌላው ሙቀት ነው። የምትቀንሰውን ቮልት በሙቀት መልክ ነው የምታስወጣው። ለኤልኢዲ ብዙ አያሳስብም፤ ቮልቱ ሲወርድ ፍሰቱም አብሮ ይወርዳል። ቀደም ያልናቸውን አሥር አምፖሎች በእሷ ብታደበዝዙ ግን 4 ዋት ገደማ ልታስወጣ ትችላለች። የአልሙኒየም ሙቀት ማስወጫ ያስፈልጋታል።

ሌላው መንገድ ቮልቱን ሳይነኩ መብራቱን በፍጥነት ማብራትና ማጥፋት ነው። ፒደብሊውኤም ይሉታል። በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይበራል፣ ይጠፋል። ዓይን ይህን አይከተልም፤ አማካዩን ያያል። ከጊዜው አንድ መቶኛውን ብቻ ቢበራ አንድ መቶኛ ብርሃን ታያላችሁ። ሙቀት የለውም ማለት ይቻላል። የኤልኢዲው ቀለምም አይለወጥም።

አርዱዊኖ የተባለችውን ፕሮግራም የምትቀበል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የለመዱ የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጀመሪያ የሚያስቡት ይህንን ነው፤ ደህና ሐሳብ ነው። ግን ታች ላይ ያለውን ነገር ልብ በሉ። አርዱዊኖ በተለመደው ትእዛዝ ብርሃኑን ከ0 እስከ 255 ይከፍለዋል። ከ200 ወደ 201 ስትሄዱ ምንም አይታይም። ከ1 ወደ 2 ስትሄዱ ግን ብርሃኑ እጥፍ ሆነ! ጨለማ በለመደ ዓይን ይህ ዝላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አብራሪው የሚኖረው ደግሞ እዚያ ታች ነው። ስለዚህ ወይ ብርሃኑን ይበልጥ አድቅቆ የሚከፍለውን ባለ 16 ቢት ቆጣሪውን ተጠቀሙ፣ ወይ ኤልኢዲው ላይ ተጨማሪ ሬዚስተር ጨምራችሁ ከፍተኛውን ብርሃን ዝቅ አድርጉት። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ለሌሊት መብራት የቀን ድምቀት ማን ፈልጎት?

የፒደብሊውኤም ዋና ጣጣው ጩኸት ነው። የአውሮፕላን ሬዲዮ የሚሠራው ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል በኤኤም ነው። ኤኤም ደግሞ የኤሌክትሪክ ብናኝ ሁሉ ይሰማዋል። በሴኮንድ 490 ጊዜ የሚቆራረጥ ፍሰት (የአርዱዊኖ አብዛኞቹ እግሮች በዚህ ፍጥነት ነው የሚሠሩት) ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ክልል ውስጥ ነው። መብራቱና የጆሮ ማዳመጫው አንድ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስ) ሽቦ ከተጋሩ አብራሪው በረራውን ሙሉ «ዚ...» ሲልበት ያመሻል። ማዞሪያውን ሲነካ ድምፁ ከተለወጠ ጥፋተኛው ዲመሩ ነው። ድምፁ እንዳይኖር ለመብራቱ የራሱን የመመለሻ ሽቦ ስጡት፤ በአውሮፕላኑ አካል በኩል አትመልሱት። የሄደውንና የተመለሰውን ሽቦ እርስ በርስ ጠምዝዟቸው። ከጆሮ ማዳመጫና ከማይክ ሽቦዎች ጋር በአንድ ጥቅል አትሰሯቸው። ማሳዎቹም ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኙ። የመኪና ቴፕ ገጥሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ ልዩነቱ እዚህ የሚሸፈነው ድምፅ የበረራ ተቆጣጣሪው መመሪያ ሊሆን መቻሉ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ ለትንሽ አውሮፕላን ሪጉሌተሩን እመርጣለሁ። ድምፅ የለውም፣ ፕሮግራም የለውም፣ ቢበላሽ አዳማ ውስጥ በአንድ ሰዓት ይጠገናል።

ዘመናዊ ስክሪን የሚገጥም ሰው አንድ ነገር ይወቅ። እንደ ጋርሚን ኩባንያ ስክሪኖች ያሉ መሣሪያዎች የራሳቸው ማደብዘዣ አላቸው። ብዙዎቹ አንዲት የመብራት ሽቦ ትገባላቸዋለች፤ ከእሷ ብርሃን አይወስዱም፣ ቮልቷን ብቻ አንብበው የራሳቸውን ስክሪን ያስተካክላሉ። በዚያች ሽቦ የሚቆራረጥ ፍሰት ብትልኩባቸው ሊምታቱና ስክሪኑን ሊያንቀጠቅጡት ይችላሉ። መጽሐፋቸውን አንብባችሁ ግጠሙ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ አብራሪው ጭኑ ላይ ያስቀመጠው ታብሌት በሙሉ ድምቀት ቢበራ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

ስለ ብልሽት ሳልናገር አላልፍም። ማደብዘዣ ማለት መብራቶች ሁሉ የሚያልፉበት አንድ በር ነው። በሩ ከተዘጋ ሰሌዳው በሙሉ ይጨልማል። ስለዚህ መብራቶቹን ለሁለት ክፈሏቸው። መሣሪያዎቹ በአንድ ዲመር፣ ከሰሌዳው በላይ ካለው ጥላ (መከለያ) ሥር የሚበራው ጥብጣብ በሌላ፤ ለየራሳቸውም ፊውዝ ይኑራቸው። ፖቴንሽዮሜትሩ ሲያረጅ የሚነካካው ጥርስ ከውስጥ ይለቃል። በኤልኤም 317 ላይ ይህ ሲሆን መብራቱ አይጠፋም፤ እስከ መጨረሻው ይደምቃል፣ ከ12 ቮልቱም ሊያልፍ ይችላል። የመሀለኛውን እግር ከሥራ ፈቱ የዳር እግር ጋር ካገናኛችሁት ግን ከ12.2 አያልፍም። ሲበላሽ ከሚጨልም ሲበላሽ የሚደምቅ ይሻላል፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ዘግታችሁ በሌላው መብራት ትቀጥላላችሁ። የእጅ ባትሪ ደግሞ እጅ የሚደርስበት ኪስ ውስጥ ይኑር። የአሜሪካ ሕግ ለሌሊት በረራ መለዋወጫ ፊውዝ አብራሪው በሚደርስበት ቦታ እንዲኖር ያዛል። እኛ አገር ደግሞ አውሮፕላኑ ከመሬት ከመነሣቱ በፊት ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጋር መነጋገር ግድ ነው።

የማስጠንቀቂያ መብራቶችን ከዋናው ዲመር ጋር አትቀላቅሉ። የዘይት ግፊት ወረደ፣ ዲናሞው ቆመ የሚሉት መብራቶች ሌሊት በሙሉ ድምቀት ቢበሩ አብራሪውን ያሳውሩታል። ሙሉ በሙሉ መጥፋት ደግሞ በፍጹም የለባቸውም። ማዞሪያው ታች ቢሆንም የማይወርዱበት ወለል ይኑራቸው። ቀን ደግሞ ፀሐይ እያለም መታየት አለባቸው፤ የቀንና የሌሊት የሚል ባለ ሁለት ቦታ ማብሪያ ይበቃል።

የመጨረሻው ሥራ ፍተሻ ነው፤ ይህ በቀን አይሆንም። ሰፈሩ በሙሉ መብራት በሄደበት ሌሊት ጥሩ ነው። የአውሮፕላኑን መስታወት ክዳን ዝጉ። ዲመሩን ታች አድርጋችሁ ስልካችሁን አጥፍታችሁ 30 ደቂቃ ቁጭ በሉ። ከዚያ ሰሌዳውን ሳይሆን መስታወቱን ተመልከቱ። የሰሌዳው መብራት መስታወቱ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ከታያችሁ ያ ነጠብጣብ በአየር ላይ ሌላ አውሮፕላን ይመስላል። ከመብራቱ በላይ ያለውን ጥላ አርዝሙት፣ የሰሌዳውን የላይኛ ፊት የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀቡት፣ ኤልኢዲዎቹም በቀጥታ ዓይን እንዳያገኙ ወደ ውስጥ አዙሯቸው። ከዚያ ማዞሪያውን ቀስ እያላችሁ ከታች ወደ ላይ አዙሩ። ቁጥሮቹ መነበብ የጀመሩበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ማዞሪያው አጠገብ ትንሽ ምልክት አድርጉ። ምልክቱ ከማዞሪያው ጉዞ መነሻ ጋር በጣም ተጠግቶ ከወደቀ 1.1 ኪሎ ኦህሙን ዝቅ ባለ ሬዚስተር፣ ለምሳሌ በ1 ኪሎ ኦህም ቀይሩት፤ በሌላ ሌሊት ደግማችሁ ፈትኑት።